አመድ በሚዘንብበት ከተማ ቤትን፣ መኪናንና ውሃን መጠበቅ፦ የካጎሺማ አሠራር

ካጎሺማ በደቡብ ጃፓን፣ በኪዩሹ ደሴት ጫፍ ላይ ያለች፣ 600 ሺህ ገደማ ሕዝብ የሚኖርባት ከተማ ናት። ሳኩራጂማ የሚባለው እሳተ ገሞራ ከከተማዋ ፊት ለፊት ቆሟል። የሚለያቸው 4 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው የባሕር ወሽመጥ ብቻ ነው፤ በጀልባ 15 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ተራራው 1,117 ሜትር ከፍታ አለው። ከ1955 ወዲህ መፈንዳቱን አልተወም (ዓመታቱ፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ በ2011 ብቻ 996 ፍንዳታ ተመዝግቧል። ከተማዋ ግን ሥራ አታቆምም። ልጅ ይማራል፣ ልብስ ይታጠባል፣ መኪና ይነዳል። ይህ የሚሆነው እያንዳንዱ ቤት አመድ ሲወርድ ምን ከምን እንደሚቀድም ስለሚያውቅ ነው።

መመሪያው ስለ አመድ ነው። በ2002 በኮንጎ ከኒራጎንጎ እሳተ ገሞራ የወጣው ቅልጥ ድንጋይ (ላቫ) ጎማ የምትባለው ከተማ መሃል ድረስ እንደገባው ያለ አደጋ ሲመጣ የሚጠቅመው ምክር አንድ ብቻ ነው፤ ውጡ ሲባል መውጣት።

የሚወርደው ነገር ምንድን ነው

የምድጃ አመድ ልል ነው፤ በጣት ሲያሹት ይልማል። ከእሳተ ገሞራ የሚወርደው ግን የደቀቀ ድንጋይ፣ ማዕድንና የብርጭቆ ስብርባሪ ነው። ትልቁ ቅንጣት 2 ሚሊ ሜትር አይሞላም፤ ትንሹ ከዱቄት ይልማል። ውሃ አያሟሟውም። ጠርዙ ስለታም ስለሆነ መስታወትና ቀለም ይቧጥጣል። አዲስ የወረደ አመድ ላዩ ላይ አሲድ ስለሚይዝ ቆርቆሮና ብረት ያዝጋል። ሲርስ ደግሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል።

ክብደቱን ብዙ ሰው አይገምተውም። ደረቁ አመድ በኪዩቢክ ሜትር ከ500 እስከ 1,300 ኪሎ፣ የራሰው ከ1,000 እስከ 2,000 ኪሎ ይመዝናል። 100 ካሬ ሜትር ግቢ ላይ 1 ሚሊ ሜትር ብቻ ቢወርድ የሚታፈሰው 100 ሊትር አመድ ነው፤ አንድ ኩንታል በሉት።

ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው። አመድን አትፈትጉ። ብዙውን አፍሳችሁ አንሱ። ማጠብ ካስፈለገ የቀረችውን ስስ ሽፋን ብቻ በብዙ ውሃ እጠቡ። ትንሽ ውሃ ደርቦ መጥረግ ጭቃ ይሠራል፤ ጭቃው ሲደርቅ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል፣ ያን ጊዜ የሚያነሳው መፋቂያ ብቻ ነው።

ጠዋት ነፋሱን ማየት

ካጎሺማ ውስጥ የቴሌቪዥን የአየር ትንበያ ከሙቀትና ከዝናብ ጋር ከሳኩራጂማ በላይ የሚነፍሰው ነፋስ ወዴት እንደሚሄድ ይናገራል። በጃፓን ሞቃት ወራት (ከሰኔ እስከ ነሐሴ) ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምሥራቅ ስለሚመጣ አመዱ ከተማዋ ላይ ይወርዳል። በቀዝቃዛው ወራት (ከታኅሣሥ እስከ የካቲት) ከሰሜን ምዕራብ ስለሚነፍስ ወደ ኦሱሚ ልሳነ ምድር፣ ወደ ታሩሚዙና ካኖያ ይሄዳል። ስለዚህ ጥያቄው «ዛሬ ይፈነዳል ወይ?» አይደለም፤ «ዛሬ ቢፈነዳ በማን ላይ ይወርዳል?» ነው።

የጃፓን ሜትሮሎጂ ኤጀንሲ የአመድ ትንበያ በሦስት ዓይነት ያወጣል። የመጀመሪያው መደበኛው ነው፤ በየ3 ሰዓቱ እየታደሰ ለቀጣዮቹ 18 ሰዓታት፣ ፍንዳታ ቢኖር አመዱ የት ሊወርድ እንደሚችል ያሳያል። ልብስ ውጭ ይሰጣ ወይስ አይሰጣ የሚወሰነው በዚህ ነው። ሁለተኛው ፍንዳታው ከተከሰተ በ5 እና በ10 ደቂቃ መካከል የሚወጣው ፈጣን ማስጠንቀቂያ ሲሆን የአንድ ሰዓቱን ይናገራል። ሦስተኛው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ቆይቶ ይመጣል፤ ለ6 ሰዓት የሚሆን ዝርዝር ነው።

መጠኑ በሦስት ይከፈላል፤ ለየደረጃው የሚደረገውም የተለየ ነው፦

ጥቂት፣ ከ0.1 ሚሊ ሜትር በታች። መሬቱ ላይ ስስ ሆኖ ይታያል። መስኮት ዝጉ፣ ልብስ አስገቡ፤ ሥራችሁን ቀጥሉ።

መካከለኛ፣ ከ0.1 እስከ 1 ሚሊ ሜትር። የአስፋልቱ ነጭ መስመር ይደበዝዛል። ማስክ አድርጉ፣ ስትነዱ ቀስ በሉ።

ብዙ፣ 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ። መሬቱ ሙሉ በሙሉ ይሸፈናል። አትውጡ፣ አትንዱ።

ትንበያ በሌለበት አገር ጢሱን በዓይን ተከታተሉ። ነገር ግን መሬት ላይ የሚሰማችሁን ነፋስ አትመኑ፤ አመዱን የሚወስደው ከላይ ያለው ነፋስ ነው፣ አቅጣጫውም ብዙ ጊዜ ይለያል። ትልቅ ፍንዳታ መስኮት ሲያንቀጠቅጥ ብዙ ሰው የመሬት መንቀጥቀጥ ይመስለዋል። ወለሉ ሳይነቃነቅ መስታወቱ ብቻ ከተንኳኳ የአየር ግፊት ነው፤ ቀና ብላችሁ ጢሱን ፈልጉ።

ቀድሞ የሚዘጋጅ

ደረጃው ኤን 95፣ ኤፍ ኤፍ ፒ 2 ወይም በጃፓን ዲ ኤስ 2 የሆነ ማስክ፣ ለእያንዳንዱ አዋቂ ቢያንስ ሦስት። ዓይንን ዙሪያውን የሚዘጋ መነጽር። ሰፊ ማጣበቂያ ፕላስተርና ወፍራም ላስቲክ። አካፋ፣ ጠንካራ መጥረጊያ፣ ለቤት ውስጥ ለስላሳ መጥረጊያ፣ ውሃ የሚረጭ ጠርሙስ። ለአንድ ሰው በቀን ቢያንስ 3 ሊትር የሚጠጣ ውሃ፣ ለሦስት ቀን የሚበቃ። የአስም መድኃኒት የሚወስድ ካለ የወሩን በሙሉ። ትርፍ የመኪና አየር ማጣሪያ፣ ሰዉ ፊልትሮ የሚለው፤ አመድ ከወረደ በኋላ ለመግዛት ስትሄዱ ሱቁ ባዶ ነው።

ከረጢት ለብቻው ይነገር። ካጎሺማ ከተማ ለነዋሪዎቿ ለአመድ ብቻ የሚሆን ቢጫ ከረጢት በነጻ ታድላለች። ሰዉ የግቢውን አመድ እዚያ ውስጥ ሞልቶ አስሮ ምልክት ባለበት የአመድ ማስቀመጫ ቦታ ያኖረዋል፤ የከተማው መኪና መጥቶ ይወስደዋል። ከቤት ቆሻሻ ጋር አይቀላቀልም፤ አይቃጠልምና። ዋናውን መንገድ ከተማው ራሱ በመጥረጊያ መኪና ያጸዳል። እንዲህ ያለ አሠራር በሌለበት ቦታ የእህል ማዳበሪያ ወይም ጆንያ ያገለግላል፤ በሽመናው ቀዳዳ እንዳይፈስ ግን ውስጡ ላስቲክ ይደረግ። የትኛውም ከረጢት እስከ አፉ አይሞላ። ግማሽ ሲደርስ እሰሩት፤ ከዚያ ካለፈ ወይ ይቀደዳል ወይ ወገብ ይሰብራል።

አመዱ ሲጀምር

መጀመሪያ ሰውና እንስሳ ይግባ፤ ከዚያ ልብሱ። መስኮትና በር ዝጉ፤ የበሩን ስር በእርጥብ ጨርቅ ድፈኑ፣ የሚያስተነፍስ መስኮት ካለ በፕላስተር ለጥፉ። አየር ማቀዝቀዣውንና የኩሽና አየር መሳቢያውን አጥፉ፤ አየር የሚስብ ሁሉ አመድ ይስባል። ኮምፒዩተርና ቴሌቪዥን አጥፍታችሁ በላስቲክ ሸፍኑ። ላስቲኩን ሳታጠፏቸው አትጣሉባቸው፣ ይግላሉ።

ውጭ ያለውን የውሃ ታንከር፣ ሮቶም ሆነ ጉድጓድ፣ ክደኑ። ከጣሪያ የሚሰበሰብ የዝናብ ውሃ ካላችሁ የአሸንዳውን ቱቦ ከታንከሩ ንቀሉ። ይህ አንድ ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ከተረሳ ታንከር ሙሉ ውሃ ይበላሻል።

ቤት ሲገቡ የሚረሳ አንድ ነገር አለ፤ ጫማና የላይ ልብስ በር ላይ ይቅር። የጃፓን ቤት ከወለሉ ዝቅ ያለ የጫማ ማውለቂያ ስላለው ይህ ልማድ ነው። በሌሎች ቤቶች ደጃፉ ላይ ካርቶን ዘርጉና ከዚያ ወዲህ በጫማ አትለፉ።

ቤት ሲዘጋጋ ከሰል አታያይዙ። መብራት ስለጠፋ ጄኔሬተር በረንዳ ውስጥ ማስነሳት፣ ቡና ለማፍላት ምድጃ ሳሎን ማስገባት፣ መስኮቱ በፕላስተር በተለጠፈ ቤት ውስጥ ይገድላል። የከሰል ጋዝ ሽታ የለውም፤ አመዱ ግን ቢያንስ ይታያል።

ዓይንና ሳንባ

ማስኩ ሁለቱም ማሰሪያ ተጎትቶ፣ የአፍንጫው ሽቦ ተጨምቆ መቀመጥ አለበት። ጢም ካለ አየር ከጎን ይገባል። የሕክምና ማስክ ከምንም ይሻላል፤ ጠርዙ ክፍት ስለሆነ ግን እንደ ኤን 95 አይይዝም። ነጠላ አጥፎ አፍ ላይ ማሰር ትልልቁን ቅንጣት ያስቀራል፤ ሳንባ ድረስ የሚወርደውን ደቃቁን አያስቀርም። ጨርቁን ማርጠብ ይረዳል የሚባለውም ትክክል አይደለም። ለሕፃናት ፊት የሚገጥም ደረጃውን የጠበቀ ማስክ ማግኘት አስቸጋሪ ስለሆነ የእነሱ መከላከያ ቤት ውስጥ መቆየት ነው።

ኮንታክት ሌንስ የሚያደርግ ሰው አውጥቶ መነጽር ያድርግ። ዓይን ውስጥ ከገባ አትሹት፤ ብርጭቆ ነው፣ ዓይን ይቧጥጣል። በንጹሕ ውሃ አጥቡት። አስም ያለበት ሰው ሰልፈር ሰልፈር ሲሸት ከሌላው ቀድሞ ይግባ፤ ከአመዱ ጋር የሚመጣው የሰልፈር ዳይኦክሳይድ ጋዝ የመተንፈሻ ቧንቧ ያጠባል፣ የአቧራ ማስክም አይከለክለውም።

ማጽዳት

ዋናው ሥራ እዚህ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም በቅደም ተከተሉ ነው። አመዱ ገና እየወረደ አትጀምሩ። ካቆመ በኋላ ደግሞ አታዘግዩ፤ ዝናብ ከቀደማችሁ ሥራው እጥፍ ይሆናል። ጎረቤት በአንድ ጊዜ ቢጠርግ ይመረጣል። ብቻውን የጠረገ ሰው ከሰዓት በኋላ የጎረቤቱን አመድ ነፋስ ያመጣለታል።

1. ከላይ ጀምሩ፦ ጣሪያ፣ አሸንዳ፣ በረንዳ፣ ግቢ፣ ደጅ። የቤት ውስጡ መጨረሻ ነው።

2. ጣሪያ። ስስ ሽፋን ከሆነ ተዉት። ውፍረቱ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ግን መነሳት አለበት። 10 ሴንቲ ሜትር የራሰ አመድ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ100 እስከ 200 ኪሎ ይጭናል፤ የተለመደ የቆርቆሮ ጣሪያ ለዚህ አልተሠራም። በ1991 ፊሊፒንስ ውስጥ ፒናቱቦ ሲፈነዳ የዚያኑ ዕለት አውሎ ነፋስ ዝናብ አምጥቶ አመዱን አራሰው፤ ከሞቱት ብዙዎቹ ጣሪያ የወደቀባቸው ናቸው። ከሁለቱም ወገን እኩል እያነሳችሁ ሂዱ፤ አንዱን ጎን ባዶ አድርጋችሁ ሌላውን ጭነት ላይ አትተዉ። አመድ ያለበት ጣሪያ ያንሸራትታል። መሰላሉን የሚይዝ ሰው ከሌለ፣ ወገባችሁም በገመድ ካልታሰረ አትውጡ። ከመሰላል ሳይወርዱ በረጅም እንጨት የታሰረ መጥረጊያ መጠቀም ይመረጣል።

3. አሸንዳ። ጣሪያ ላይ ውሃ ከመልቀቃችሁ በፊት አሸንዳው በእጅ መውጣት አለበት፣ ቱቦውም አፉ በጨርቅ ይወተፍ። ይህን ያልሠራ ሰው ጣሪያውን ሲያጥብ አመዱ ቱቦው ክርን ላይ ተጠራቅሞ ይደርቃል። ከዚያ ቱቦውን ፈቶ መቀየር ነው፤ ውሃ አያስለቅቀውም።

4. ግቢ። በውሃ መርጫ ጠርሙስ ላዩን ብቻ ነካ ነካ አድርጉት፤ ቀለሙ ጠቆር ሲል ይበቃል። ዓላማው እንዳይቦን ነው። መሬት ላይ ውሃ ከታየ አብዝታችኋል። ከዚያ በአካፋ እየገፋችሁ ክምር አድርጉ፣ ቀጥሎ በመጥረጊያ። ቅጠል የሚያበር የአየር መንፊያ አትጠቀሙ፤ ከእናንተ ግቢ አንስቶ የሰፈሩ ሳንባ ውስጥ ይጨምረዋል።

5. ከረጢት። ግማሽ ሙሉ፣ አፉ የታሰረ፣ ከዝናብ የራቀ።

6. የቀረውን ስስ ሽፋን ብቻ በውሃ እጠቡ፤ የቆሸሸውን ውሃ ወደ አፈር ምሩት። ወደ ጎርፍ መውረጃ ቱቦ አትልቀቁት። አመድ አይሟሟም፤ ቱቦ ውስጥ ይዘቅጣል፣ በሚቀጥለው ዝናብ መንገዱ ይጥለቀለቃል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህን ስድስተኛ እርምጃ ዝለሉት። ሁሉም በአንድ ቀን ሲያጥብ የከተማ ውሃ ግፊቱ ይወርዳል፣ ከፍታ ላይ ያሉ ቤቶች ደግሞ መጀመሪያ ይደርቃሉ።

7. ቤት ውስጥ። ደረቅ ጨርቅ በጠረጴዛ ላይ መጎተት ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት መሞረድ ነው። እርጥብ ጨርቅ ጫን አድርጋችሁ አንሱት፣ አትጎትቱት፤ ባልዲው ውስጥ እየነከራችሁ ውሃውን ቶሎ ቶሎ ቀይሩ። የአቧራ መሳቢያ ማሽን ካላችሁ ደቃቅ የሚይዝ ማጣሪያ (ሄፓ) ያለው መሆን አለበት፤ ያለዚያ ከፊት የሳበውን ከኋላ ይተፋዋል። መስታወት መጀመሪያ በውሃ ይታጠብ፣ ቀጥሎ ይወልወል። ሴራሚክ ወለል መጀመሪያ በለስላሳ መጥረጊያ ቀስ ብሎ ይጠረግ፣ መወልወያው ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የአየር ማቀዝቀዣውን የውጭ ክፍል ከማብራታችሁ በፊት ክንፎቹን በቀስታ በሚፈስ ውሃ አጥቡ። የሶላር ሰሌዳ ጠዋት በቀዝቃዛው ይታጠባል እንጂ አይፈተግም።

ልብስ፣ ምግብ፣ ውሃ

ካጎሺማ ውስጥ ብዙ ሰው ልብስ የሚያሰጣው ቤት ውስጥ ወይም መስታወት በተከበበ በረንዳ ነው። አመድ የነካውን ልብስ ውጭ አራግፉ፣ በባልዲ ውሃ ነክራችሁ አለቅልቁ፣ ከዚያ ማሽን ውስጥ አስገቡ። ማሽኑን እስከ አፉ አትሙሉት። ልብሱ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍበት ቦታ ካጣ አመዱ አይወጣም፤ ክሩን እየሞረደ ይቆያል፣ የማሽኑን ፓምፕም ይበላል።

ሳኩራጂማ ላይ በግዙፍ ነጭ ራዲሽና በትንንሽ መንደሪን የሚታወቁ እርሻዎች አሉ፤ አመድ የወረደበት አትክልት ታጥቦ ይበላል። መጀመሪያ አራግፉት፣ ቀጥሎ በሰፊ ሳህን ውሃ ውስጥ አቆዩትና አመዱ ይዝቀጥ፣ ከዚያ በሚወርድ ውሃ አለቅልቁት። ጎመንና ሰላጣ በየቅጠሉ ይከፈት።

የደፈረሰ ውሃ ላይ የውሃ አጋር ወይም ሌላ ክሎሪን ብትጨምሩ በደንብ አይሠራም፤ ቅንጣቱ ጀርሙን ይከልለዋል። መጀመሪያ በባልዲ ይዝቀጥ፣ ላዩ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለል፣ ቀጥሎ ይፈላ ወይም ይታከም። ማፍላት ግን ከአመድ የወጣውን ፍሎራይድ የሚባል ኬሚካል አያስወግድም። ስለዚህ ብዙ አመድ የገባበትን ታንከር ለማዳን ከመታገል ለጽዳት ተጠቀሙበት፤ ለመጠጥ የተከደነውን አስቀሩ።

መኪና

ከሁሉ የሚሻለው አለመንዳት ነው። አመድ በሚንሳፈፍበት አየር ውስጥ የሄደ ሞተር አመድ ተንፍሷል። ማቆም ከቻላችሁ በሸራ ሸፍኑት፤ ሸራውን ስታነሱ አትጎትቱት፣ ሁለት ሰው ከሁለት ጫፍ ይዞ ያጥፈው።

ፓራብሬዛው ላይ አመድ ካለ መጥረጊያውን አታስነሱ። አንድ ጊዜ ብቻ ሲዞር የሚተወው የቅስት ጭረት ማታ የፊት ለፊት መብራት ሲመታው መንገዱን ያጠፋዋል፤ ጭረቱም አይለቅም፣ መስታወቱ ይቀየራል። ካጎሺማ የሚኖር ሾፌር መኪናው ውስጥ የውሃ ጠርሙስ አያጣም። ሁለት ሊትር ከላይ ወደ ታች አፍስሱ፣ አመዱ ይወርዳል፣ መጥረጊያውን ከዚያ በኋላ ብቻ አንቀሳቅሱ። የመኪናው የራሱ መርጫ ለዚህ አይበቃም፤ ያረጥበዋል እንጂ አያወርደውም። ቀለሙንም እንዲሁ በላባ ወይም በደረቅ ጨርቅ አትጥረጉ። በውሃ ጎማ ወይም በግፊት ውሃ ከጣሪያው ጀምሮ ይወረድ፤ ሳሙናና ስፖንጅ አመድ እንደሌለ በዓይን ካያችሁ በኋላ ነው። ብሩሽ ያለው አውቶማቲክ ላቫጆ ቀጥታ አትግቡ።

መንዳት ግድ ከሆነ መብራት አብሩ፣ ከፊት ካለው መኪና በእጥፍ ራቁ፣ በቀስታ ሂዱ። ፈጥኖ የሚሄድ መኪና የወረደውን መልሶ ያስነሳዋል። ደረቅ ስስ አመድ አስፋልት ላይ ጎማ ያንሸራትታል፣ ፍሬን ለመያዝ ይዘገያል፤ ሲርስ ይብሳል። ሞተር ሳይክል ጭራሽ አይሆንም። ጣሊያን ውስጥ ካታኒያ በ2024 የኤትና አመድ ሲወርድባት ባለ ሁለት ጎማዎችን ለጊዜው አግዳ የመኪና ፍጥነትን በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የወሰነችው ለዚህ ነው። የመኪናውን አየር ማቀዝቀዣ የውስጡን አየር ብቻ እንዲያዞር አድርጉት።

ቤት ስትደርሱ ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት ላዩን አጥቡ፤ ያለዚያ ሲከፈት አመዱ ሞተሩ ላይ ይፈስሳል። ፊልትሮውን አውጡ፤ ከውስጥ ወደ ውጭ አየር ንፉበት፣ ካልጠራ ቀይሩት። ፊልትሮ ሲዘጋ መኪናው ጉልበት ያጣል፣ ነዳጅ ይበላል። የተቀደደ ፊልትሮ ግን ከተዘጋው የከፋ ነው፤ አመዱ ሲሊንደር ገብቶ ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይሞርዳል። ዓይን 15 ሜትር በማያይበት ጥቅጥቅ አመድ የነዳ ሰው ዘይቱን ከ80 እስከ 160 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ መቀየር አለበት፤ አመዱ ሳሳ ያለ ከሆነ ከ800 እስከ 1,600 ኪሎ ሜትር። ውድ ይመስላል፤ ሞተር ማስወረድ ግን ይበልጣል። ራዲያተሩን ከሞተሩ ወገን ወደ ውጭ በቀስታ እጠቡ፣ የፍሬን ሸራውን አጽዱ።

መብራትና ባቡር

ደረቅ አመድ የኤሌክትሪክ ምሰሶ ላይ ቢቀመጥ ብዙም አይጎዳም። አመድ ከወረደ በኋላ ቀለል ያለ ካፊያ ሲመጣ ግን የራሰው አመድ ሽቦውን ከምሰሶው በሚለየው ማግለያ ላይ ኤሌክትሪክ ያሻግራል፤ መብራቱ የሚጠፋው ያኔ ነው። ከባድ ዝናብ ያጥበዋል፣ ካፊያ ያባብሰዋል። ስለዚህ አመድ ወርዶ ሰማዩ ካፊያ ከያዘ ስልክና ባትሪ ሙሉ። ባቡር ደግሞ በተቃራኒው ነው፦ ደረቁ አመድ በሀዲዱና በባቡሩ እግር መካከል ገብቶ የሲግናሉን ኤሌክትሪክ ስለሚቆርጥ የማቋረጫው በር አይሠራም፣ ጉዞ ይዘገያል።

አፋር ላይ ቢሆን

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. (በኢትዮጵያ አቆጣጠር) በኤርታሌ ሰንሰለት ያለው ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ ጢሱ ወደ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወጥቶ በቀይ ባሕር ላይ ወደ የመንና ኦማን፣ ከዚያም እስከ ሕንድ ተጉዟል፤ በረራዎች ተሰርዘዋል። አመዱ አፍዴራ አካባቢ ወርዶ የግጦሽ መሬት ሸፍኗል። ከላይ የተጻፈው ስለ ማስክ፣ ውሃና ጣሪያ እንዳለ ይሠራል። እዚያ ግን የሚበልጠው ሥራ ቢጫ ከረጢት የማያውቀው ነው፤ ከብት፣ ፍየልና ግመል።

አመድ ያለበት ሣር የበላ እንስሳ ጥርሱ ይሞረዳል፣ አንጀቱ ይዘጋል። አመዱ ፍሎራይን ካለው ደግሞ ይመርዘዋል። በ1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የተባለው እሳተ ገሞራ ከፈነዳ በኋላ አብዛኞቹን የአገሪቱን በጎች የጨረሰው ይህ ነው። ደቃቁ አመድ ነው ብዙ ፍሎራይን የሚይዘው፤ ስለዚህ ከተራራው ርቆ ስስ ሆኖ የወረደውን አትናቁ።

መንጋውን አመድ ካልወረደበት ግጦሽ ማዛወር ይቀድማል። ካልተቻለ የተከማቸ ድርቆሽ ስጡ፤ ክምሩን ሸራ አልብሱት፣ ከላይ ያለውን አመድ የነካውን ንብርብር አንስታችሁ ጣሉ። የሚቆረጥ ቅጠል ይራገፍ፣ ውሃ ከተረፈ ይለቅለቅ። መኖ መሬት ላይ አትበትኑ፤ ገንዳ ወይም ሸራ ላይ ይሁን። ኩሬውን ትታችሁ ከጉድጓድ ወይም ከተከደነ ታንከር አጠጡ። ዓይናቸው ያለቀሰውን በንጹሕ ውሃ አጥቡ። የሚታለቡትን፣ እርጉዞቹንና ግልገሎቹን አስቀድሙ፤ ውሃና መኖ ካነሰ ለእነሱ ይድረስ። ከግቢ የተጠረገው አመድ ከውሃ ጉድጓዱ ቁልቁል በኩል፣ ጎርፍ በማይሄድበት ቦታ ይከመርና ነፋስ እንዳያነሳው አፈር ይልበስ።